የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለተሰጠው መምህር፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ ምን ይሠራ?

የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር የሥራ ድልድል ይለጠፋል። ከስማችሁ ጎን «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ» የሚል ካያችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክበቡ የሚሰጠው ለባዮሎጂ ወይም ለጂኦግራፊ መምህር ነው። አንዳንዴም በስብሰባው ቀን ለቀረው ሰው። በጀት የለውም። ካለፈው ዓመት የተረፈው ግድግዳ ላይ የተጻፈ መፈክር፣ አንድ የሚያፈስ ማጠጫ እና በሰኔ የሚሞላ የሪፖርት ቅጽ ነው።

ቅጹ የሚጠይቀው ስንት ችግኝ እንደተተከለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ሁሉም የሚያወራው በቁጥር ሆኗል። ተከላውን አልቃወምም። ግን ተማሪ ከአንድ የተከላ ቀን የሚያገኘው ትምህርት ትንሽ ነው። ቆፈረ፣ ተከለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ችግኙ በጥር ምን ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ተማሪዎቻችሁ ግቢያቸው ውስጥ ወይም አጠገቡ ያለ አንድ ነገር ይምረጡ። ዓመቱን ሙሉ ይለኩት፣ ይመዝግቡት። ከዚያ ያዩትን ለማስተካከል ይሞክሩ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ትብሊሲ ላይ ባዘጋጁት ጉባኤ፣ የአካባቢ ትምህርት ከዕውቀት አልፎ ክህሎትንና ተሳትፎን እንዲይዝ አገሮች ተስማምተዋል። እኛ ጋ ዕውቀቱ ሞልቷል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ስለ ኦዞን በደንብ ይነግራችኋል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለው ቦረቦር ዘንድሮ ምን ያህል እንደሰፋ ግን አያውቅም።

በመስከረም፦ አንድ ጉዳይ ምረጡ

ከተማሪዎቹ ጋር ግቢውን ዙሩ። በአንድ ዙር ከ20 ልጅ ባይበልጥ ይሻላል። «እዚህ ግቢ ምን የአካባቢ ችግር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንደዚያ ከጠየቃችሁ መጽሐፍ ላይ ያነበቡትን ይመልሱላችኋል፤ የደን ጭፍጨፋ፣ የአየር ብክለት፣ የበረሃ መስፋፋት። ይልቅ በዓይን የሚታይ ነገር ጠይቁ። ሲዘንብ ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ሣር የማይበቅለው የት ጋ ነው? ፌስታል የሚጠራቀመው የትኛው ጥግ ነው? ለምን እዚያ?

ስትመለሱ መሬት ላይ ካርታ ሥሩ። አጥሩን በአመድ አስምሩት፣ ክፍሎቹን በድንጋይ፣ ዛፎቹን በቅጠል አመልክቱ። ፍሊፕ ቻርት ላይ ከሆነ የሚስለው ጎበዙ ልጅ ብቻ ነው። መሬት ላይ ከሆነ ግን ሁሉም ይንበረከካል፣ ሁሉም ይጨቃጨቃል።

ከተነሱት ጉዳዮች አንዱን ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። በእግር አሥር ደቂቃ ውስጥ ይደረሳል ወይ? በሜትር፣ በሚዛን ወይም በመቁጠር ይለካል ወይ? ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ለውጥ ያሳያል ወይ? ሦስቱንም ያላለፈውን ተዉት። የአየር ንብረት ለውጥ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ግን በዚህ መስፈርት ይወድቃል። ስለ እሱ ለማስተማር የዝናብ መለኪያው ይበቃችኋል። ወደ እሱ እንመጣለን።

አንድ ወፍራም ደብተር

የክበቡ ዋና ዕቃ ይኼ ነው። አምስት ዓምድ ይሠመርበት፦ ቀን፣ ማን ለካ፣ ምን ተለካ፣ ስንት ሆነ፣ ምን አየን። ሁልጊዜ ሁለት ልጆች ለየብቻ ይለኩ። ቁጥራቸው ከተለያየ ሦስተኛ ይለካ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ ገጽ አይቀደድ። ለሱፐርቫይዘር ብላችሁ በንጹሕ የምትገለብጡት ሌላ ደብተር አያስፈልግም።

ቦረቦር ካላችሁ ዕድለኛ ናችሁ

ሲባል ይገርማል፣ ግን እውነት ነው። በደጋውም በወይና ደጋውም ብዙ ትምህርት ቤት ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ አጥሩ ጋ ሲደርስ መሬቱን ይበላዋል። ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ በገንዘብ አይገዛም።

የሚያስፈልገው አራት የእንጨት ችካል፣ መዶሻ እና የጨርቅ ሜትር ነው። ችካሎቹን ከቦረቦሩ አናት ዙሪያ፣ ከጠርዙ ሁለት ሁለት ሜትር ያህል ወደኋላ አርቃችሁ ትከሉ። በቀለም 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጻፉባቸው። ከእያንዳንዱ ችካል እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ለክታችሁ መዝግቡ። ከዚያ በየወሩ፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ለኩ። ልጅ ጠርዙ ላይ አይቁም። ከሥር የተቦረቦረ መሬት ሳይታሰብ ይናዳል። የሜትሩ ጫፍ ረጅም ዘንግ ላይ ይታሰርና ከርቀት ይለካ።

በበጋ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ይሰለቻሉ። አትጨነቁ። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ አንድ ቀን ይገረማሉ። ክረምት ብቻ የሚዘንብበት ከሆነ ልዩነቱ የሚታየው በሰኔና በመስከረም መካከል ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ መለካት፣ ሲከፈትም በመጀመሪያው ሳምንት መለካት ግዴታ ነው።

አፈሩ ለምን እንደሚሄድ ደግሞ ክፍል ውስጥ አሳዩ። ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ክዳናቸውን አውልቁ። ጎናቸውን በቁመት ቆርጣችሁ መስኮት ክፈቱላቸው። በሦስቱም ውስጥ ከአንድ ቦታ የመጣ አፈር እስከ አፋቸው ልክ ሙሉና ጠቅጠቅ አድርጉት። የመጀመሪያው ራቁቱን ይሁን። ሁለተኛው ላይ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል አልብሱበት። ሦስተኛው ላይ ከነሥሩ የተነሳ ሰርዶ አስቀምጡ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኟቸው፣ በቂጣቸው በኩል በአንድ መጽሐፍ ከፍ አድርጓቸው። አፋቸው ሥር ኩባያ አስቀምጡ።

ውሃ ከማፍሰሳችሁ በፊት አስገምቱ። «በሉ፣ የቱ ኩባያ ቶሎ ይሞላል? የቱስ ይደፈርሳል?» ግምታቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ገምቶ የተሳሳተ ልጅ ሳይገምት ካየው ልጅ የበለጠ ያስታውሳል። ከዚያ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ አዝንቡ። ከራቁቱ አፈር የሚወርደው ሻይ በወተት ይመስላል፣ ቶሎም ይመጣል። ከሰርዶው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ጠራ ብሎም ነው። ኩባያዎቹን አትድፏቸው። እስከ ማግስቱ ይቀመጡ። ከታች የዘቀጠውን ጭቃ በማስመሪያ ይለኩ።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን ነው ያደግነው። ኩባያው ሥር ያለው ጭቃ ከግንዱ ጋር ምን አብሮ እንደሚዞር ያሳያል። የገበሬ ልጆች ካሏችሁ ከዚህ በኋላ ዝም በሉና እነሱን ስሙ። ስለ እርከን፣ ስለ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ስለ ኩታ ገጠም ማሳ ጠብ የሚያወሩት ከመጽሐፉ ይበልጣል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጋበዝም የሚጠቅመው አሁን ነው። ገመድና ውሃ ልክ ይዞ ይምጣና ልጆቹ የመሬቱን ተዳፋት ራሳቸው ይለኩ። ንግግር ብቻ ሊያደርግ ከሆነ ግን ለሰልፍ ሰዓት አስቀምጡት።

ጥገናው ቀላል ነው። ወደ ቦረቦሩ የሚመጣውን ውሃ ከላይ አስቀይሱ፤ ውስጡ በድንጋይና በእንጨት ትንንሽ ክትር ሥሩ፤ ዳሩ ላይ ሣር ትከሉ፤ ከብት እንዳይገባ እጠሩ። ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ልኬት በደብተሩ ይኑር። አለበለዚያ ሥራው ለውጥ ማምጣቱን በምን ታውቃላችሁ?

የዝናብ መለኪያ

ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ፈልጉ። ከላይ ሢሶውን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱበት። ቂጡ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ከጠጠሩ በላይ እስኪሆን ውሃ ሙሉት። ከዚያ መስመር ጀምሮ ማስመሪያ ለጥፉ። ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ ገላጣ ቦታ ይቁም። ዘወትር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበብ፤ ተነቦም ውሃው እስከ መስመሩ ይደፋ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይቺን ካወቁ ሒሳቡ ይጣፍጣል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 500 ሊትር ነው። የሚፈሰውንና የሚተነውን አምስተኛ ቀንሱለት፣ 400 ሊትር ይቀራል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ማለት ነው። ውሃ ለመቅዳት ከመንጋቱ በፊት የምትነሳ ልጅ ይህንን ስትሰማ ፊቷን እዩት።

ችግኝ፦ መጀመሪያ ጄሪካኑን ቁጠሩ

ስንት ችግኝ እንትከል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ወረዳው ጋ ሳይሆን ቧንቧው ጋ ነው። አንድ ችግኝ በበጋ በሳምንት አምስት ሊትር ይጠጣል ብላችሁ አስቡ። 100 ችግኝ 500 ሊትር ይፈልጋል። 25 ጄሪካን በየሳምንቱ፣ ከጥቅምት አንስቶ ዝናብ እስኪመጣ። የሚያመጣ ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ 40 ትከሉ። 40 ተተክሎ 35 ቢጸድቅ፣ 500 ተተክሎ 30 ከሚጸድቅ ይሻላል። ሪፖርቱ ላይ ትንሽ ቢመስልም።

ዝርያ ስትመርጡ ከባሕር ዛፍ ውጪ አስቡ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ነው፣ ግን ግቢ ውስጥ ያለ ምንጭ ወይም አትክልት አጠገብ አይመከርም። ለጥላ ዋንዛ፣ ለአጥር ዳር ወይራና ጥድ፣ ቶሎ ለሚደርስ መኖና ለአፈር ሰስባንያ ይሆናሉ። ወይራና ጥድ ዝግተኞች ናቸው። ከዘር ጀምሮ ማሳደግ የአንድ የትምህርት ዓመት ሥራ አይደለም፣ ከችግኝ ጣቢያ ውሰዱ። ልጆቹ ከዘር የሚያሳድጉት ሰስባንያና ግራር ይሁን። የግራር ዘር ልጡ ጠንካራ ነው። ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዱት፣ ዘሩን ጨምሩበት፣ እስከ ማግስቱ እዚያው ይደር። ካበጠ ዝሩት። ያላበጠውን ድገሙት። ለፕላስቲክ ከረጢቱ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ጥሩ መነሻ ነው። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ አሸዋውን ጨመር አድርጉ።

ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከተከላው ቀደም ብሎ ይቆፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥና መጀመሪያ እሱ ይመለስ። እና እባካችሁ፣ ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት! በየተከላው ዘመቻ ከነፕላስቲኩ የሚቀበረው ችግኝ ብዛት ያናድዳል። ሥሩ ታስሮ ምን እንዲሆን ነው?

ለአንድ ችግኝ ሁለት ልጅ መድቡ። አንደኛው ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ይሁን። ውሃ የሚቀዱት ሴቶቹ፣ የሚቆፍሩት ወንዶቹ ብቻ እንዳይሆኑ ተራ አውጡ። ካልተቆጣጠራችሁት በራሱ እንደዚያ ይሆናል።

ቆጠራው በዓመት ሦስቴ ነው፦ በመስከረም መጨረሻ፣ በጥር እና በግንቦት። የሞተውን ስትቆጥሩ ምክንያቱን ጻፉ። ከብት በላው፣ ደረቀ፣ ተረገጠ፣ ምስጥ ቆረጠው፣ አልታወቀም። ትምህርቱ ያለው እዚህ ዓምድ ላይ ነው። ከሞቱት ግማሹን ከብት ከበላው የሚያስፈልገው ሌላ ችግኝ አይደለም፣ አጥር ነው። ወይም ከከብቱ ባለቤት ጋር መነጋገር። ይህንን ልጆቹ ራሳቸው ከቁጥሩ ያውጡት።

ከተማ ከሆናችሁ

ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ከሆነ ቆሻሻውን መዝኑ። የአንድ ቀን ቆሻሻ ሸራ ላይ ይዘርገፍ። ጓንትና ማስክ ያድርጉ፤ ስለትና ሲሪንጅ ካለ መምህሩ ያንሳ። ምግብ፣ ወረቀት፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ሌላ እያላችሁ ለዩና በሚዛን መዝኑ። አብዛኛውን ጊዜ ሃይላንድ በዓይን ብዙ ይመስላል፣ በሚዛን ግን ትንሽ ይሆናል፤ ከባዱ የምግብ ትራፊ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ኮምፖስት ነው ማለት ነው። አረንጓዴና ደረቅ እያፈራረቃችሁ ደርቡ፣ እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡ።

ከዚያ ቆራሌውን ጋብዙ። አልቀልድም። የትኛው ፕላስቲክ እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደማይፈለግ፣ ማን እንደሚገዛው ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰፈር ውስጥ የለም። ልጆቹ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ብለው ይጠይቁት፣ ወንበር ይሰጠው፣ ሻይ ይቅረብለት። አዲስ አበባ ያላችሁ ትልልቅ ተማሪዎች ካሏችሁ ስለ ቆሼም አንሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የጣልነው ነገር ሰው የሚኖርበት ቦታ እንደሚሄድ የሚነገረው በጥንቃቄ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቤተሰብ ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ጣና ዳር ላላችሁ እምቦጭ አለላችሁ። ሥዕሉን ከዳር ሆናችሁ ሳሉ፣ ስፋቱን በርምጃ ገምቱ። ውሃው ውስጥ ግን ልጅ አታስገቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

አዛውንት ጠይቁ

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የቤት ሥራ ስጡ፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያነጋግር። ጥያቄዎቹ አጭር ይሁኑ። «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ውሃ የሚቀዳው ከየት ነበር?» «አባባ፣ እዚያ ተራራ ላይ ምን ምን ዛፍ ነበር? መቼ አለቀ?» መልሱ ሲሰበሰብ አይገጥምም። አንዱ በደርግ ጊዜ ነው የተቆረጠው ይላል፣ ሌላው ከዚያ በፊት ነው ይላል። ጥሩ ነው። ለምን እንደሚለያዩ ተወያዩበት።

ጎጃም ወይም ደቡብ ጎንደር ከሆናችሁ የቤተ ክርስቲያን ደን ቅርባችሁ ነው። የደብሩን አስተዳዳሪ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ከቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጪ እኩል ስፋት ያለው ቦታ በገመድ ከልላችሁ የዛፍ ዓይነቱን፣ ራሱ የበቀለውን ችግኝ፣ መሬት ላይ ያለውን የቅጠል ውፍረት አወዳድሩ። ንግግር አያስፈልገውም።

ማርክ ካልተሰጠው ይሞታል

በስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጨነቅ ወላጅ ልጁ ቦረቦር ሲለካ ቢያይ «ለዚህ ነው የላክሁህ?» ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ልኬቱን ከተከታታይ ምዘና ጋር አገናኙት። የሒሳብ፣ የአካባቢ ሳይንስና የአማርኛ መምህራንን አነጋግሩ። አማርኛው ቃለ መጠይቁን ይወስዳል፣ ሒሳቡ ሠንጠረዡን። ለምሳሌ እንዲህ ይጠየቅ፦ «ከችካል 2 እስከ ጠርዙ በሰኔ 200 ሳ.ሜ. ነበር። በመስከረም 155 ሳ.ሜ. ሆነ። አጥሩ አሁን ከጠርዙ 315 ሳ.ሜ. ይርቃል። በዚሁ ከቀጠለ ስንት ክረምት ይቀረዋል?» መልሱ ሰባት ነው። «በዚሁ ይቀጥላል ብለህ ታስባለህ? ለምን?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው ከባዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ። አርፍዶ የመጣ ልጅ ቆሻሻ እንዲለቅም፣ የረበሸ ችግኝ እንዲያጠጣ ማድረግ በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ነው። ጠዋት በቅጣት የተሠራን ሥራ ከሰዓት «ክቡር ነው» ብሎ ማስተማር አይቻልም። ሌላ ቅጣት ፈልጉ።

ክረምቱና ርክክቡ

የእኛ የትምህርት ካሌንደር ለዚህ ሥራ አይመችም። ዝናቡ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። የተከላው ጊዜ ሐምሌ ነው፣ ልጆቹ ግን በየቤታቸው ናቸው። በግንቦት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱን ሰብስቡና የሐምሌና የነሐሴ ተራ አውጡ፤ በሳምንት ሁለት ልጅና አንድ ወላጅ ይበቃል። የግቢው ጥበቃ በስም ይካተት። ቁልፉም ያለው፣ ፍየሏን የሚያባርረውም እሱ ነው። በሥራው ላይ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ከሰስባንያው መኖ ድርሻ ይኑረው።

በሰኔ የደብተሩን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሱና የመምህራኑ ቴሌግራም ላይ አስቀምጡ። ዋናው ደብተር ቢሮ ይቀመጥ እንጂ ወደ ቤታችሁ አትውሰዱት፤ ዝውውር ሊደርሳችሁ ይችላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ለሚቀጥለው ተጠሪ ጻፉለት፦ ችካሎቹ የት እንዳሉ፣ ቀጣዩ ልኬት መቼ እንደሆነ፣ ሜትሩ ማን ጋ እንዳለ፣ ከተማሪዎቹ ሥራውን የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ፣ ውሃ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ።